ክረምትና የቤት ውስጥ ጨዋታ፦ ለየትኞቹ ልጆች የቱ ይሻላል?

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ዝናቡ ደግሞ ደጁን ይዘጋል። የአክስት ልጆች ሊያድሩ ይመጣሉ። ጎረቤት "እስክመለስ አንዴ እይልኝ" ብላ ሁለት ትጨምራለች። ሳይታሰብ የኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰባት ልጅ ተሰብስቦ የሁሉም ዓይን አንድ ስልክ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። በክረምት ያ አንድ ሰዓት ቁርስ ሳይቀርብ ያልቃል።

ጨዋታ ደግሞ ሞልቷል። እናቶቻችን የሚያውቁት ብቻ ክረምቱን ይጨርሳል። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። የአሥር ዓመቱን ልጅ የሚያስፈነድቀው ጨዋታ የአራት ዓመቷን ያስለቅሳታል። የአራት ዓመቷ የምትወደው ደግሞ ለእሱ "የሕፃን ነው"።

እኔ ጨዋታ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የተሸነፈው ልጅ ምን ይሆናል? "ወጥተሃል" የተባለ ልጅ ሶፋው ጥግ ሄዶ ስልክ ያነሳል። ቀጥሎ የወጣው ምን እንደሚያይ ለማየት አጠገቡ ይቀመጣል። ሦስተኛውም ይደርሳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ልጅ ይጫወታል፣ አምስቱ ዩቲዩብ ላይ ናቸው። ስለዚህ ለቤት ውስጥ የሚሻለው ተሸናፊውን የማያስወጣ ጨዋታ ነው። ይህን ካለፈ በኋላ ነው የዕድሜ ልዩነቱንና የታች ጎረቤቱን የማስበው። ዕቃው የመጨረሻ ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ጨዋታ ኩሽና ውስጥ ካለ ነገር ይሠራል።

ለቸኮለ ሰው፦ ዕድሜያቸው የተደበላለቀ ከሆነ ቀለበቴ። መብራት ከጠፋ እንቆቅልሽ። ማንበብና መጻፍ ከቻሉ ስም ሀገር። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ገበጣ። ሁሉም ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑ እቃቃ፤ ሌላ ነገር አይሞከር።

ቀለበቴ ወይስ አኩኩሉ?

ሁለቱም የመደበቅ ጨዋታዎች ናቸው። አንዱ ዕቃ ይደብቃል፣ ሌላው ሰው ይደብቃል። ቤት ውስጥ ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

አኩኩሉን ማንም ልጅ ይወዳል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ "አኩኩሉ!" ይላል፣ ሌሎቹ እስኪደበቁ "አልነጋም!" ይላሉ፣ ሲዘጋጁ "ነጋ!" ነው። ግቢ ላለው ቤት ወደር የለውም። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን መደበቂያው አልጋ ሥር፣ መጋረጃ ጀርባና በር ኋላ ነው። በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ልጆቹ አዲስ ቦታ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ የሚያሰጋውም እሱ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ ምድጃ አጠገብ ይቆማሉ፣ በረንዳ ላይ ይወጣሉ። የምትፈቅዱ ከሆነ ከመጀመራቸው በፊት በረንዳው ይቆለፍ። ኩሽናና ማንኛውም የሚዘጋ ሳጥን ክልክል መሆኑም ይነገራቸው። በጨዋታው መሐል የተነገረ ክልከላ አይሰማም።

ቀለበቴ ተቀምጠው ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው መዳፋቸውን ገጥመው ይዘረጋሉ። አንዱ ቀለበቱን በሁለት መዳፉ መሐል ይዞ በእያንዳንዱ ልጅ መዳፍ ውስጥ እጁን ያሳልፋል፣ አንዱ ጋ ሹልክ አድርጎ ይጥለዋል። ከዚያም ማን ጋ እንዳለ ይገመታል። ቀለበት ከሌለ የሸሚዝ ቁልፍ ይበቃል።

የጨዋታው ሙሉ ጣዕም ፊት ላይ ነው። የአራት ዓመቷ ቀለበቱ ሲደርሳት መዳፏን ጥርቅም አድርጋ ትጨብጣለች፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሳቋን ልትውጥ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቤቱ በሙሉ ያውቃል። በሁለተኛው ዙር ትልልቆቹ ምንም ሳይኖራቸው እሷን አስመስለው ትከሻቸውን ያነሳሉ፤ ገማቹ ይደናገራል። በሦስተኛው ዙር እሷም ትነቃና ባዶ እጇን ጨብጣ ትስቃለች። እንዲህ ትልቁና ትንሹ እኩል የሚሆኑበት ጨዋታ ብዙ የለም። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይሮጥም፣ የታች ጎረቤት አይሰማም። ከአምስት እስከ አሥር ልጅ ያጫውታል።

ያልገመተ ምን ይሁን? ቅጣት ይሰጠው፤ ይጨፍር፣ እንደ ዶሮ ይጩህ፣ የአያቱን አነጋገር ያስመስል። ቅጣቱ ራሱ ሌላ ጨዋታ ነው። አንዳንዱ ልጅ ለመቀጣት ብሎ አውቆ ይሳሳታል።

ስንጥቅ የሌለው ወለል ላይ ቅልብልቦሽም ይሞከር። አምስት ጠጠር ነው የሚፈልገው። ግን ተራ ይጠበቃል፣ እጁ ያልለመደ ልጅም ቶሎ ይሰለቻል። ከሦስት በላይ ልጅ ካለ እኔ አልመርጠውም።

እንቆቅልሽ ወይስ ስም ሀገር?

እነዚህ የአፍና የጭንቅላት ናቸው። እንቆቅልሽ ምንም አይጠይቅም፤ ዕቃም፣ ቦታም፣ መብራትም። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ይበልጥ ይደምቃል።

"እንቆቅልሽ!"
"ምን አውቅልሽ?"
"በር የሌለው ነጭ ቤት።"

እንቁላል ነው። "ሁሉን ታለብሳለች፣ እሷ ግን ራቁቷን ናት" መርፌ ናት። "ስትቀመጥ ትረዝማለች፣ ስትቆም ታጥራለች" ውሻ ናት፤ ይቺን የሰማ ልጅ ወዲያው ተነስቶ እንደ ውሻ በአራት እግሩ ይሞክራታል።

የተሸነፈውስ? እዚህ ላይ ነው እንቆቅልሽ ሌሎቹን የሚበልጠው። ያልመለሰ ልጅ "ሀገር ስጠኝ" ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል። ጠያቂው "ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ" ብሎ የበላውን የጠጣውን፣ የተደረገለትን አቀባበል ይደረድራል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሀገሩ ካልጣመው "አልፈልግም፣ ሌላ ስጠኝ" የማለት መብት አለው። የአሁን ልጆች ሐረርና ጅማ ሲሰጧቸው "ዱባይን ስጠኝ" ይላሉ። ይስጧቸው፤ ዱባይ ገብተው ምን እንዳላጡ ሲያወሩ መስማት ራሱ ጨዋታ ነው።

ድክመቱ ቶሎ ማለቁ ነው። አያት ወይም አክስት አጠገብ ከሌለ ልጆቹ የሚያውቁት በጣት ይቆጠራል፤ በሁለተኛው ማታ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። መላው ራሳቸው እንዲፈጥሩ ማድረግ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ይመረጥና ይጠየቅ። "ሲከፍቱት ይበራል፣ ሲዘጉት ይጨልማል፣ ሆዱ በጋም ክረምትም ብርድ ነው" ያለ ልጅ ፍሪጅን ማለቱ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለው ለብቻው ይቸገራል፤ ከትልቅ ጋር ተጣምሮ ይመልስ።

ስም ሀገር ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል፤ ከስምንት ዓመት ወደ ላይ ላለው ግን ከእንቆቅልሽ ይልቅ ረጅም ሰዓት ይይዘዋል። ወረቀቱ ላይ አምስት ዓምድ ይሰመራል፦ ስም፣ ሀገር፣ ከተማ፣ እንስሳ፣ ምግብ። አንዱ ልጅ ፊደሉን በልቡ ይቆጥራል፣ ሌላው "ቁም!" ይላል። የቆመበት ፊደል ለምሳሌ "ለ" ከሆነ ሰባቱም ይፈቀዳሉ፤ ከለ እስከ ሎ። ሊዲያ፣ ሊቢያ፣ ላሊበላ፣ ላም፣ ለውዝ። ቀድሞ የጨረሰ "አቁሙ!" ይላል። ማንም ያልጻፈውን የጻፈ 10 ነጥብ፣ ከሌላው ጋር የተመሳሰለበት 5፣ ባዶ ያስቀረ ዜሮ።

ከመጀመር በፊት ሦስት ነገር ላይ ይስማሙ፤ አለበለዚያ ፍርድ ቤት ይሆናል። ሀ፣ ሐና ኀ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ሰና ሠም፣ አና ዐም፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ጰ፣ ዠና ኸ ይውጡ፤ "ጳውሎስ" ብሎ ስሙን የሞላ ልጅ እንስሳ ላይ ሲደርስ እርሳስ ይሰብራል። ለውዝ ምግብ ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ በድምፅ ብልጫ ይወስኑ። ይህ ጨዋታ ጂኦግራፊን በግድ ያስከፍታል። ከተማ ያለቀበት ልጅ አትላስ ሲያገላብጥ ታገኙታላችሁ፤ ተራው ሳይደርስ እንዳያይ ግን ይጠበቅ።

ውጭ ሀገር ላላችሁ ምርጫው ይገለበጣል። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያደገ ልጅ በፊደል መጻፍ ካልለመደ ስም ሀገር ቅጣት ይሆንበታል። እንቆቅልሽ ግን በጥቂት አማርኛ ይሄዳል፣ "ምን አውቅልሽ"ን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ማታ ይይዘዋል። ቅዳሜ አያት ጋ ሲደወል ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ ሞክሩት። ከ"እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ" ቀጥሎ ምን እንደሚባል ለጠፋው ልጅ ወሬ ይሆነዋል። አያትም ያላቸውን ሁሉ ያወጣሉ።

ሰሌዳ ያላቸው፦ ገበጣ፣ ዳማ፣ ሉዶ

ገበጣ ውድ ዕቃ የሚመስለው ሰው አለ። የተጠረበው እንጨት ያምራል፣ ለልጅ ግን የእንቁላል ትሪ ይበልጣል። 30 እንቁላል የሚይዘው ትሪ አምስት በስድስት ነው። በመቀስ ሁለት ሁለት ረድፍ ብትቆርጡት 12 ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ገበጣዎች ይወጣሉ፣ አንድ ረድፍ ይተርፋል። በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ ይገባል፤ በአንድ ገበጣ 48። ለምርኮው በየወገኑ አንድ ስኒ ይቀመጥ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ሽምብራና ባቄላ ከእጁ ይራቅ፤ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

ሕጉ ከሀገር ሀገር ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ስለዚህ "የእኛ ቤት ሕግ ነው ትክክሉ" የሚል አጎት ከመጣ አትከራከሩት። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው፦ ከራስህ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ሙሉውን አንስተህ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አንድ አንድ እየጣልክ ትሄዳለህ። የመጨረሻው ፍሬ ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ካረፈ እዚያ ያለውን ሁሉ አንስተህ ትቀጥላለህ። ባዶ ላይ ካረፈ ተራህ አለቀ። የመጨረሻ ፍሬህ አንዱን ጉድጓድ ልክ አራት ካደረገው ግን፣ በማንም ወገን ይሁን፣ አራቱን ትወስዳለህ። የመጨረሻ ባልሆነ ፍሬ አራት የሞላ ጉድጓድ ደግሞ የባለ ረድፉ ነው።

ገበጣ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። አራት ልጅ ካለ ሁለት ሁለት ሆነው ይማከሩ። "ያሸነፈ ይቀመጣል" የሚለውን አልመክርም፤ የተነሳው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ ብለነዋል።

ዳማ ከዚህ ይቀላል። ካርቶን፣ ማስመሪያና 24 ቆርኪ ብቻ ነው። የአንዱ ወገን በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል። ችግሩ ችሎታ ሲራራቅ ይታያል። ዳማ የለመደ የ12 ዓመት ልጅ የሰባት ዓመቱን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ከአራት ሽንፈት በኋላ የሚቀመጥ የለም። ለእኩያ ግን ግሩም ነው።

ቼዝ ላለው ቤት አንድ ነገር ልጠቁም። የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አጀማመሩ ተራ የለውም። የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደፈለጉ፣ ባሻቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። በተራው የሚጫወቱት ከዚያ በኋላ ነው። በተለመደው የቼዝ ዕቃ ሞክሩት። "ቼዝ ይደብራል" የሚል ልጅ ያን ትርምስ ካየ ሐሳቡን ይቀይራል።

ሉዶ ለአራት ሰው ነው፣ ዳይሱ ደግሞ ዕድሜ አያይም። የአምስት ዓመት ልጅ አባቱን ያሸንፋል፤ ከዳማ የሚለየው በዚህ ነው። እንቅፋቱ ሌላ ነው። ጠጠሩ ደጃፍ ደርሶ ተበልቶ የተመለሰበት ልጅ ሰሌዳውን ይገለብጣል። እልኸኛ ልጅ ካላችሁ እባብና መሰላል ይሻላል። እሱም ወደ ታች ይጥላል፣ የጣለው ግን እባቡ ነው፤ ወንድም ላይ ቂም አይያዝም።

ካርታ ብዙ ቤት የለም። ቁማር ይመስላቸዋል፤ እንዲያ ከሆነ አትጨቃጨቁበት። ካለ ግን ቀለም ወይም ቁጥር እያዛመዱ የሚጥሉበት ክሬዚ ለአምስት ስድስት ልጅ ይበቃል። ብዙ የተጫነበትም ልጅ ጨዋታው ውስጥ ይቆያል።

ወንበር፣ ሱዚና የታች ጎረቤት

ልጆች ጉልበታቸውን ማውጣት አለባቸው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ አይባልም። ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሱዚ መዝለል የታች ጎረቤትን መጥረጊያ ያስነሳል። ለሱዚ ምድር ቤት ወይም ኮሚናሉ ይፈለግ፤ ባዶ ከሆነና ዝናብ የማያስገባ ከሆነ ሰኞ ማክሰኞም እዚያው በጠመኔ ይሰመራል። ቤት ውስጥ ከተፈለገ በፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፍና በመዝለል ፋንታ በአንድ እግር ቆሞ ዕቃ ማንሳት ይሁን።

የልደት ንጉሥ የሆነው የወንበር ጨዋታ በእኔ መለኪያ ከሁሉም የመጨረሻው ነው። ሙዚቃው ይቆማል፣ አንድ ልጅ ይወጣል። የሚወጣው መጀመሪያ ማን ነው? ትንሿ። ከስምንት ልጅ ሰባቱ ተራ በተራ ተመልካች ይሆናሉ። ይህን ግን በአንድ ለውጥ ማዳን ይቻላል። ወንበር ይነሳ፣ ልጅ አይውጣ። ሙዚቃው ሲቆም ሁሉም በተረፈው ወንበር ላይ ተሸካክመው፣ ተዛዝለው፣ ጉልበት ላይ ተቀማምጠው መቆየት አለባቸው። ሁለት ወንበር ላይ ስምንት ልጅ ሲከመር ሳቁን ጎረቤት ይሰማዋል፤ ዝላይ ስላልሆነ ግን መጥረጊያ አያነሳም። የሚሰበር ወንበር አይሁን፣ ግድግዳ አስደግፉት።

ትንንሾቹ ብቻ ሲሆኑ

ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ሕግ ያለው ጨዋታ ሁሉ ይከብዳል። እቃቃ ሕግም አሸናፊም የለውም። የጀሪካን ክዳን ምጣድ ነው፣ ቆርኪ ሳህን ነው፣ የተቀደደ ጋዜጣ ጎመን ነው። ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ። ከትልቅ ሰው የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጌ ነጠላና ሁለት ትራስ ሰጥቶ መራቅ። "እንዲህ አይደለም ቡና የሚፈላው" ብሎ የገባ ሰው ጨዋታውን ይገድለዋል። ትልልቆቹ እንዲገቡ ከፈለጋችሁ እንግዳ ሆነው ይምጡ። በር አንኳኩተው፣ ጫማ አውልቀው፣ ባዶ ስኒ ጠጥተው "ቡናው ይጥማል" ይበሉ። አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል፣ ለትንንሾቹ ግን የቀኑ ወሬ ነው።

የሚገዛ ካለ

አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ በአንድ ፊቱ ሉዶ በሌላው እባብና መሰላል ያለበትን ሰሌዳ ግዙ፤ በአንድ ዋጋ ሁለት ጨዋታ ነው። ትልቁን መጠን ምረጡ፤ በትንሹ ላይ አራት ልጅ ሲጎነበስ ጭንቅላት ይጋጫል። ወረቀቱ ቶሎ ስለሚገነጠል በመጀመሪያው ቀን ጠርዙን በፕላስተር ዙሩት። ዳይሱ በሳምንት ውስጥ ሶፋ ሥር መግባቱ አይቀርም። እስኪገኝ ድረስ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ብጣሽ ወረቀቶች በስኒ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ አንድ እያወጡና እየመለሱ ይጫወቱ።